ለአሥራ ሁለት ዕቃ አሥራ ሁለት ዜሮ ነጥብ አያስፈልግም

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ፍሬዛ ኦፕሬተር ነኝ። ማሽናችን ባለ ሦስት አክሲስ (የእንቅስቃሴ አቅጣጫ)፣ መቆጣጠሪያው ፋኑክ ነው። 600 የአሉሚኒየም ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰር መጋጠሚያ ቁራጭ) ታዘናል። ጥሬ ዕቃው 70 በ60 በ20 ሚሊሜትር ሆኖ ተቆርጦ ይመጣል፤ የላዩን ፊት ማስተካከል፣ መሃሉ ላይ 20 ኤች7 (ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር፣ የሚፈቀደው ልዩነት በጣም ጠባብ የሆነ) ቀዳዳ ማውጣትና ለ8 ሚሊሜትር ብሎን የሚሆኑ አራት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች መሥራት አለብን። በሞርሳ አንድ በአንድ ስሠራ እያንዳንዱ በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያልቃል። አሁን 12 ፍላንጅ በሦስት ረድፍ አራት አራት አድርጎ፣ በ90 እና በ80 ሚሊሜትር ርቀት በአንድ ጊዜ የሚይዝ ፊክስቸር (ማሰሪያ ሰሌዳ) ልንሠራ ነው። ባልደረባዬ ፕሮግራሙን 12 ጊዜ ገልብጠህ ቁጥሮቹን ቀይር ይለኛል። እኔ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ዜሮ ነጥብ (ልኬቱ የሚነሳበት ቦታ) እንዲኖረው ከጂ54 እስከ ጂ59 ልጠቀም አስቤ ስድስት ብቻ ሆኑብኝ። ዜሮውን ለጊዜው የሚያዛውረውን ጂ52ን በአራት ዕቃ ላይ ሞክሬ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ በኋላ ጂ52 ኤክስ90 ብዬ ብጽፍም ማሽኑ ሁለተኛው ላይ እየተመላለሰ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሳይነካ ቀረ። የቱ መንገድ ይሻላል? ጊዜውን በግማሽ መቀነስስ ይቻላል? መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ምን ይደረጋል?»

መልስ፦ በሙከራዎ የታየው ችግር የመጣው ከጂ52 አተረጓጎም ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ጂ52 «ካለህበት ላይ ይህን ያህል ጨምር» የሚል ትእዛዝ አይደለም። የሚለካው ምንጊዜም በሥራ ላይ ካለው ዋና ዜሮ ነጥብ፣ በእርስዎ ሁኔታ ከጂ54 ነው፤ ከዚህ በፊት የተሰጠው ጂ52 አይቆጠርም። ሦስት ጊዜ ጂ52 ኤክስ90 ብለው ሲጽፉ ሦስት ጊዜ ያንኑ አንድ ቦታ ሰጥተዋል። ለሁለተኛው ዕቃ ኤክስ90፣ ለሦስተኛው ኤክስ180፣ ለአራተኛው ኤክስ270 ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ሲመንስ ሲኑሜሪክ በተባለው ሌላ መቆጣጠሪያ ላይ የተማሩ ሰዎች እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ እዚያ ትራንስ የተባለው ትእዛዝ ከዋናው ዜሮ ሲለካ፣ ኤትራንስ የተባለው ደግሞ ቀድሞ በነበረው ላይ ይደምራል። የፋኑክ ጂ52 የሚመስለው ትራንስን ነው።

ጂ52 ሌሎች ሁለት ጠባዮችም አሉት፤ ሁለቱም ዕቃ ያበላሻሉ። አንደኛው፣ ያልተጠቀሰ አክሲስ የቀድሞ ዋጋውን ይዞ ይቀጥላል። ከመጀመሪያው ረድፍ አራተኛ ዕቃ ወደ ሁለተኛው ረድፍ መጀመሪያ ለመሄድ ጂ52 ዋይ80 ብቻ ከጻፉ ኤክስ በ270 ላይ እንዳለ ስለሚቀር መቁረጫው የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዜሮ ቢሆንም እንኳ ኤክስንና ዋይን ሁልጊዜ አብረው ይጻፉ። ሁለተኛው፣ ጂ52 ካልተሰረዘ ከሥራ ላይ አይወርድም፤ ከጂ54 ወደ ጂ55 ቢቀይሩም አብሮ ይከተልዎታል። ሪሴት መጫን ይሰርዘዋል ብሎ መተማመንም አይቻልም፤ ይህን የሚወስነው የማሽኑ ፓራሜትር ነው። በፕሮግራሙ መጀመሪያም መጨረሻም ጂ52 ኤክስ0 ዋይ0 መጻፍ ግዴታ አድርገው ይያዙት። ይህን መልስ ሃስ በተባለው ሌላ ማሽን ላይ የሚሞክር አንባቢ ካለ፣ እዚያ የጂ52 ጠባይ በቅንብር ቁጥር 33 ስለሚወሰን አስቀድሞ እሱን ይመልከት።

ዜሮ ነጥቦች ስድስት ብቻ ናቸው የሚለውም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ብዙ የፋኑክ መቆጣጠሪያዎች ጂ54.1 ከፒ1 እስከ ፒ48 የሚባሉ ተጨማሪ ዜሮ ነጥቦች አሏቸው፤ አማራጩ በማሽንዎ ላይ መከፈቱን በኤምዲአይ (ትእዛዝ በእጅ በሚገባበት ሁኔታ) አንድ መስመር ጽፈው ማረጋገጥ ይችላሉ። በሃስ ላይ ተመሳሳዩ ጂ154 ሲሆን እስከ ፒ99 ይደርሳል። ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ቁጥራቸው ይበቃል ወይ የሚለው አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ዜሮ ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ነው። የራሱ ዜሮ የሚያስፈልገው የዕቃዎቹ አቀማመጥ እርስ በርሱ በታወቀ ርቀት ካልተያያዘ ነው፤ ሦስት የተለያዩ ሞርሳዎች ጠረጴዛው ላይ ሲታሰሩ፣ ወይም እያንዳንዱ ዕቃ በሻጋታ የተቀለጠ ስለሆነ በተናጠል መለካት ሲኖርበት ማለት ነው። የእርስዎ 12 ማረፊያዎች ግን በአንድ ሰሌዳ ላይ በ90 እና በ80 ሚሊሜትር እርቀት የተቀመጡ ናቸው። ለእነሱ 12 ዜሮ ነጥብ መመዝገብ አሥራ ሁለት ጊዜ የመሳሳት ዕድል መክፈት ነው፤ ሰሌዳው ወርዶ ሲመለስም 12ቱን እንደገና መለካት ይኖራል። አንድ ጂ54፣ በሰሌዳው ጥግ ባለ የፒን ቀዳዳ ላይ፣ ይበቃል።

ባልደረባዎ የሚሉት መንገድ ይሠራል፤ ሆኖም አይመከርም። አሥራ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ፕሮግራም አንዲት ሰከንድ አይቆጥብም፤ የአንድ ቀዳዳ ጥልቀት መታረም ሲኖርበት ግን 12 ቦታ ይታረማል፣ አንዱም ይረሳል። ካም (ከሥዕል ፕሮግራም የሚያወጣ) ሶፍትዌር ዘርግቶ የሚያወጣውን ረጅም ፕሮግራም በተመለከተም የምለው ይኸው ነው፤ በኮምፒውተሩ ላይ ማረም ቢቀልም በማሽኑ ፊት የቆመ ኦፕሬተር የትኛው መስመር የስንተኛው ዕቃ እንደሆነ ለማወቅ ይቸገራል፤ የአሮጌ መቆጣጠሪያ ማኅደረ ትውስታም አይችለውም።

እኔ የምመክረው አሠራር የሚከተለው ነው። ለእያንዳንዱ መቁረጫ አንድ ንዑስ ፕሮግራም ይጻፉ፤ አምስት መቁረጫ ካለዎት አምስት ይሆናሉ። እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ፍላንጅን ብቻ ነው፤ ከፍላንጁ ዜሮ ይነሳል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ዜድን ወደ ደኅና ከፍታ ያነሳል፣ በኤም99 ወደ ጠራው ፕሮግራም ይመለሳል። ከእነዚህ ሌላ «የቦታዎች ዝርዝር» የምለውን አንድ ንዑስ ፕሮግራም ይጻፉ፤ በውስጡ 12ቱ የጂ52 መስመሮች በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፣ ከእያንዳንዳቸው በኋላም ንዑስ ፕሮግራም የሚጠራው ኤም98 ፒ እና ተለዋዋጭ ቁጥር 100 ይከተላል። ዋናው ፕሮግራም መቁረጫውን ይጠራል፣ ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያዞረውን ዘንግ) ያስነሳል፣ የመቁረጫውን ቁመት በጂ43 ያስገባል፣ በተለዋዋጭ ቁጥር 100 ውስጥ የመቁረጫውን ንዑስ ፕሮግራም ቁጥር ያስቀምጣል፣ ከዚያም የቦታዎችን ዝርዝር ይጠራል። የቦታዎቹ መጋጠሚያ በመላው ሥራ ውስጥ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ስለሚሆን ማረምም መፈተሽም ቀላል ነው። መቆጣጠሪያዎ የማክሮ (በተለዋዋጭ ቁጥሮች የመሥራት) አማራጭ ከሌለው 12ቱን መስመሮች በየመቁረጫው መድገም ይኖርብዎታል፤ ያም ቢሆን ከሙሉ ግልበጣ እጅግ ይሻላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። በንዑስ ፕሮግራም ውስጥ ጂ91ን (ካሉበት ቦታ የሚለካውን) ከተጠቀሙ ከኤም99 በፊት ጂ90ን (ከዜሮ የሚለካውን) ይመልሱ፤ መቆጣጠሪያው ወደ ዋናው ሲመለስ ሁኔታውን አይመልስልዎትም። የ20 ኤች7ን ቀዳዳ በኢንድሚል (በጎኑም በሚቆርጥ መቁረጫ) እያዞሩ ሲያጠናቅቁ የመቁረጫውን ራዲየስ የሚያካክሰውን ጂ41 ስለሚጠቀሙ ወደ ቀጣዩ ዕቃ ከመሸጋገርዎ በፊት በጂ40 መሰረዙን ያረጋግጡ። በመቦርቦር ዑደቶች ላይ ጂ99 መቁረጫውን የሚመልሰው ከዕቃው በላይ ጥቂት ሚሊሜትር ወደሆነው አር ከፍታ ሲሆን ጂ98 ግን ወደ መነሻው ከፍታ ይመልሰዋል። በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ሲሠሩ ይህ ልዩነት ላይታይዎት ይችላል፤ በፊክስቸር ላይ ግን በሁለት ዕቃዎች መካከል የማሰሪያው ብሎን ራስ አለ። ፈጣኑ እንቅስቃሴ ጂ0 ደግሞ በብዙ ማሽኖች ላይ ቀጥ ባለ መስመር አይጓዝም፤ እያንዳንዱ አክሲስ በራሱ ፍጥነት ስለሚሮጥ መንገዱ ይታጠፋል። ስለዚህ ጂ98ን ይያዙ፣ የመነሻውንም ከፍታ ከረጅሙ ማሰሪያ ራስ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር በላይ ያድርጉት። ረድፉ ሲያልቅ ወደ ግራ ከመመለስ እባብ በሚሄድበት አኳኋን መዞር ይሻላል የሚሉ አሉ። 270 ሚሊሜትር በደቂቃ 20 ሜትር ለሚሮጥ ማሽን ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ የቦታዎቹን ቁጥር ከማደናገር በቀር የሚያመጣው ነገር ስለሌለ ይተዉት።

አሁን ወደ ጊዜው። በግማሽ የመቀነሱ ተስፋ ከፕሮግራም አጻጻፍ የሚገኝ አይደለም፤ ሒሳቡን አብረን እንይ። አንድ የመቁረጫ ቅያሬ 6 ሰከንድ ቢወስድ፣ ከአንድ ፍላንጅ 400 ሰከንድ ውስጥ ቅያሬው 30፣ ቁርጡና እንቅስቃሴው 370 ነው። አንድ በአንድ ሲሠሩ 12ቱ 4800 ሰከንድ፣ ማለትም 80 ደቂቃ ይፈጃሉ። አንድ መቁረጫ 12ቱንም ከጨረሰ በኋላ ቢቀየር 60ው ቅያሬ 5 ብቻ ይሆናል፤ በዕቃዎች መካከል ለሚደረገው ሽግግር አንድ አንድ ሰከንድ ቢታሰብ ጠቅላላው 75 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። በ50 ዙር ሲባዛ ከቅያሬ የሚገኘው ትርፍ አራት ሰዓት አይሞላም። የአንዱ ዕቃ ሥራ 60 ሰከንድ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ግማሹ ቅያሬ ስለሚሆን ፍርዱ ሌላ በሆነ ነበር፤ በእርስዎ ሥራ ግን ቁርጡ ረጅም ነው።

ትልቁ ትርፍ ያለው በማሰርና በመፍታት ላይ ነው። በሞርሳ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ለማሰር 90 ሰከንድ ቢፈጅ ለ600 ዕቃ 15 ሰዓት ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። በአንድ ሰሌዳ ላይ 12ቱን በማሽኑ ውስጥ ማሰር 8 ደቂቃ ቢወስድ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ሰሌዳ ሠርተው አንዱ ሲቆረጥ ሌላውን ከማሽኑ ውጭ ቢሞሉና ልውውጡ በፒኖች ተመርቶ በ2 ደቂቃ ቢያልቅ ግን የማሽኑ መቆሚያ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው። በእነዚህ ግምቶች ጠቅላላው ሥራ ከ82 ሰዓት ገደማ ወደ 64 ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ አንድ አምስተኛ ተቀነሰ ማለት ነው። ሁለተኛው ሰሌዳ ወጪውን እንደሚመልስ አልጠራጠርም።

ከዚያ በታች ለመውረድ መታየት ያለበት ያ 370 ሰከንድ ነው። ለዚህ መጠን ላለው የአሉሚኒየም ፍላንጅ ብዙ ነው። የ16 ሚሊሜትር ካርባይድ ኢንድሚል በደቂቃ 300 ሜትር የመቁረጥ ፍጥነት ላይ 6000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ሦስት ጥርስ ኖሮት በየጥርሱ 0.1 ሚሊሜትር ቢወስድ የመገፊያ ፍጥነቱ በደቂቃ 1800 ሚሊሜትር ይሆናል። የማሽንዎ ስፒንድልና የማቀዝቀዣ ፈሳሹ የሚችሉትን አይተው አንዱን ፍላንጅ መጀመሪያ በሞርሳ ላይ ያፋጥኑ፤ ከአንድ ዕቃ የተቀነሰች አንዲት ሰከንድ በ600 ዕቃ 10 ደቂቃ ናት። ያልተስተካከለ ፕሮግራም በ12 ማባዛት የአብዛኛው ወርክሾፕ ስሕተት ነው።

ስለ ሰሌዳው አሠራር አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። የ12ቱን ማረፊያዎች ወሰን የሚይዙትን ጠርዞችና ከቀዳዳዎቹ ሥር የሚኖሩትን ባዶ ጉድጓዶች በዚያው ማሽን ላይ፣ በዚያው የቦታዎች ዝርዝር ይቁረጧቸው። የማሽኑ መንገድ ትንሽ ቢዛባ እንኳ ማረፊያውም ዕቃውም እኩል ስለሚዛቡ ስሕተቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የቦታዎቹ ዝርዝር ትክክል መሆኑም በዚያው ይፈተናል። ባዶ ጉድጓዶቹ ከተረሱ ፑንታው (መብሻው) አልፎ ሰሌዳውን ይበሳል፣ የጥርስ ማውጫው ታፕም መጨረሻው ላይ ይሰበራል።

ሌላው፣ ሦስት ወይም አራት ዕቃ በአንድ መንጋጋ መሃል አሰልፎ በአንድ ብሎን ማሰር ፈጽሞ አይሞከር። ተቆርጦ የመጣ ጥሬ ዕቃ መጠኑ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መንጋጋው በትልቁ ላይ ይቆማል፣ በ0.1 ሚሊሜትር ያነሰው ግን ሳይያዝ ይቀራል፤ መቁረጫው ሲደርስበት ይፈናጠራል። እያንዳንዱ ፍላንጅ የራሱ የጎን ማሰሪያ ይኑረው። የሙቀት ነገርም ይነሳል፦ አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በየሜትሩ 23 ማይክሮን ስለሚያድግ 400 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ በ5 ዲግሪ 0.046 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ብረት ቢሆን ግማሽ ያህሉ ነው። የእርስዎ ቀዳዳዎች ሁሉ በአንድ እስር ስለሚወጡ እርስ በርሳቸው አይጎዱም፤ የሚነካው ከዕቃው ጠርዝ ያላቸው ርቀት ነው። ሥዕሉ ለጠርዙ ±0.1 ከፈቀደ ያልፉታል፤ ±0.02 ከጠየቀ ግን ሰሌዳውን ከብረት ይሥሩ፣ ዜሮውንም ወደ ሰሌዳው መሃል ያምጡት።

መቁረጫ በመቁረጫ መሥራት የሚያስከፍለው ዋጋም አለ፤ ሳልነግርዎ አላልፍም። ፑንታው ሦስተኛው ዕቃ ላይ ቢሰበር ማሽኑ አያውቅም፤ በቀሩት ዘጠኝ ዕቃዎች ላይ አየር ሲቦረቡር ይቆይና ታፑ መጥቶ ያልተበሳ አሉሚኒየም ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ከታፑ በፊት ኤም01 (በኦፕሬተሩ ምርጫ የሚያቆመውን ትእዛዝ) ያስቀምጡ፤ ኦፕሬተሩ 48ቱን ቀዳዳዎች በዓይኑ አይቶ ፍቅፋቂውን በአየር ነፍቶ ያስቀጥል። የመቁረጫ መበላትም የሚታየው በመጨረሻው ዕቃ ላይ ስለሆነ የ20 ኤች7ን ቀዳዳ፣ የሚፈቀደው ከ20.000 እስከ 20.021 ነውና፣ ሁልጊዜ በቦታ 1 እና በቦታ 12 ይለኩ። ሁለቱም እኩል ከጠበቡ የመቁረጫውን ማካካሻ ያርሙ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ልዩነት ካዩ ግን ፕሮግራሙን አይንኩ፤ ማረፊያው ውስጥ ፍቅፋቂ ገብቷል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ለዚህም ሲባል የቦታው ቁጥር በሰሌዳው ላይ ይቀረጽ።

መብራትን በተመለከተ፣ ጄነሬተር ቢኖርዎትም ሽግግሩ ማሽኑን ያቆመዋል፤ በ75 ደቂቃ ሩጫ ውስጥ ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። እያንዳንዱ የመቁረጫ ክፍል በዋናው ፕሮግራም ውስጥ በራሱ የሚቆም ይሁን፦ ጂ90፣ ጂ40፣ ጂ80፣ ጂ54፣ መቁረጫው፣ ስፒንድሉ፣ ጂ43 ሁሉም በየመጀመሪያው እንደገና ይጻፉ። በቦታዎች ዝርዝር ውስጥ 12ቱን መስመሮች ከኤን1 እስከ ኤን12 ቁጥር ይስጧቸውና መግቢያው ላይ ጎቱ (ወደተጠቀሰው መስመር የሚያዘልለውን ትእዛዝ) እና ተለዋዋጭ ቁጥር 500 ይጻፉ፤ 500 ሁልጊዜ 1 ነው። እያንዳንዱ ቦታ ሲጀመር ደግሞ ቁጥሩን በተለዋዋጭ ቁጥር 501 ይመዝግብ። ከ500 ጀምሮ ያሉት ተለዋዋጮች መብራት ሲጠፋ አይጠፉም፤ ከ100 ጀምሮ ያሉት ግን ይጠፋሉ። መብራት ሲመለስ 501 ላይ 7 ካዩ 500ን 7 አድርገው ከዚያው መቁረጫ መጀመሪያ ያስነሳሉ፤ ዝርዝሩም ሲያልቅ 500ን ራሱ ወደ 1 ይመልሰው። ሁለቱን በአንድ ተለዋዋጭ ማጠቃለል የሚያምር ቢመስልም አደገኛ ነው፤ ኦፕሬተሩ ሆን ብሎ አቁሞ አዲስ ዙር ሲጀምር ማሽኑ ሳይታሰብ ከሰባተኛው ይነሳል። መቆጣጠሪያው መስመሮችን ቀድሞ ስለሚያነብ 501 በአንድ ቀድሞ ሊገኝ ይችላልና ዕቃውንም ይመልከቱ።

መቁረጫው ዕቃው ውስጥ ሳለ መብራት ከጠፋ፣ ሲመለስ መጀመሪያ ዜድን ብቻ በእጅ ያንሱ፤ ሌሎቹን አክሲሶች ወደ መነሻቸው የሚልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ታፕ ከሆነ ግን ዜድን አያንሱ። የኮሌቱን (የታፑን መያዣ) ዳዶ አላልተው ታፑን ቀዳዳው ውስጥ ይተዉት፣ ስፒንድሉን ባዶውን ያንሱ፣ ታፑንም በእጅ እያዞሩ ያውጡ። የዚያን ፍላንጅ የቀሩ ጥርሶች በእጅ ይጨርሱ እንጂ በማሽን አይድገሙት፤ ታፑ ከመያዣው ከወጣ በኋላ የቀድሞውን የጥርስ መግቢያ አያገኝም።

ለመጀመሪያው ሙከራ የጂ54ን ዜድ 50 ሚሊሜትር ከፍ አድርገው ባዶ ሰሌዳ ላይ ሙሉውን ፕሮግራም ያሂዱና መቁረጫው በየማሰሪያው ላይ የሚያልፍበትን ከፍታ ይከታተሉ። ቀጥሎ ዜዱን ወደ ቦታው መልሰው በአራቱ ጥግ፣ በቦታ 1፣ 4፣ 9 እና 12 ላይ ብቻ ጥሬ ዕቃ አስረው ያሂዱ፤ ከዝርዝሩ የቀሩትን የስምንት ቦታዎች መስመሮች ሁሉ በመዝለያ ምልክት ያሳልፉ። አራቱ በልክ ከወጡ ምልክቶቹን አንስተው 12ቱን ይሙሉ።